አጭሩን ጻፊው

መጽሐፉ ከቤይሩት መጣ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሎ፣
በሽንኩርት ጆንያ መሐል ከሰው ዓይን ተከልሎ።
ሹፌሩ «ለሰልዋ» አለኝ፤ የጭነት ሒሳብ እምቢ አለ።
ሽፋኑ ላይ የታተመው ስም በቤታችን መዝገብ የለ፦
ራምዚ ሳባግ።
ሳባግ የእኛው ነው። ራምዚን ግን ማንም አላወጣለት፤
ራሱን በራሱ ክርስትና ያነሣው በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ብቻውን፣ በኪራይ ቤት።

ስምንት ዓመት ሆነ።
በእናታችን አርባ፣ ፀጉሩን ተቆርጦ ቢመጣ፣
አባቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ሳይጮህ፣ ቁጣም ሳያወጣ፣
«ይህቺ የማን ልጅ ናት?» አለ።
ከዚያ ወዲህ የሚና ወደብ ሰው ወንድሜን በነገር ሲያነሣ
«እህት ነበረችሽ አይደል?» ይለኛል፤ «ነበረች»ን ጫን አድርጎ፣
ሞተች ወይ ብሎ ግን አይጠይቅም፤ የሳሙናውን ዋጋ ጠይቆ ይሄዳል።

ማኅተማችን የአያቴ ነው፤ ከወይራ ሥር የተጠረበ፣
«ሳባግ እና ወንዶች ልጆቹ» የሚል ፊቱ ላይ የተከተበ።
አባቴ የወለደው ሁለት ሴት ነው ብሎ ገበያው ስለሚያምን
ሠላሳ ዓመት ቀለደበት፦ «ወንዶቹን ሳሙናው አሟሟቸው እንዴ?»
አባቴም አብሮ ይስቅና መዶሻውን ያነሣል፣
በእርጥቡ ሳሙና ላይ ያንኑ ውሸት ይመታል።

መጽሐፉን በሌሊት አነበብኩት፣ ሳሙናው ከሚደርቅበት ሰገነት፣
ክብ ሆኖ በተካበው የሳሙና ግንብ መሐል፣ በስልክ መብራት።
ገሳን የሚባል መረብ ጠጋኝ አለ፤ ልጁ አጠገቡ ይቀመጣል።
«ስምህ ማን ነው?» ይለዋል።
ልጁ ገና አልመረጠም።
ገሳን ቀና እንኳ ሳይል፣ መርፌውንም ሳያቆም፣
«መረቡ እስኪያልቅ አስብበት» ይለዋል። መረቡ ረጅም ነው።
በምዕራፉ መጨረሻ ጉልበታቸው ይነካካል፤ ሌላ ምንም የለም።
እዚህ ላይ መብራቱን አጠፋሁ። ቀናሁ መሰለኝ፤
እኔን እንዲያ አድርጎ የጠበቀኝ ሰው የለም።

አባቴን ፈርቼ ነበር፤ እዚያ ውስጥ እንዳላገኘው።
አገኘሁት፣ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ፤ ሳሉ ሳይቀር ቁርጥ የራሱ ነው።
ክፉ አላደረገውም።
በር ዘግቶ፣ ከበሩ ጀርባ ቆሞ፣
የሚወርደውን እግር ደረጃ በደረጃ ሲቆጥር ጻፈው።
ክፉ ቢያደርገው ይቀለኝ ነበር።

«ምንድን ነው?» አለኝ አንድ ማታ። ልቦለድ አልኩት። «የማን?»
ሰጠሁት። መነጽሩን ፈለገ፤ ግንባሩ ላይ ነበር።
«የትኛው ሳባግ ነው?»
«ያንተው።»
መጀመሪያው ገጽ ላይ በእጁ የጻፈው አለ፦
«ለማኅተሙ፤ አንድም ቀን ላልዋሸው።»
አነበበ። አሳለው። መጽሐፉን ዘግቶ
ደረቱ ላይ አላስጠጋውም፣ እንዳታሳምሩት፤
ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው። ልማድ ነው።
«አራት መቶ ግራም» አለ።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ሲመታ ዋለ፤ መዶሻውን በቀስታ ያነሣል፣
የማኅተሙን ፊደሎች በአውራ ጣቱ ይጠርጋል።
ማታ ላይ «ወረቀት አምጪ» አለ። አመጣሁ።
«‹ነይ› በያት...» ብሎ ቆመ። «በይው...» ሳሉ ያዘው።
«‹ይምጡ› ልበል?» አልኩት፤ አንቱታ ወንድ ሴት አይልም።
«የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው እንዴ!»
ከዚያ ግድግዳውን፣ የዘይቱን ጋን፣ ጥፍሩን እያየ ቆየ፣ ቆየና፦
«አጭሩን ጻፊው» አለ። «ወረቀት ተወዷል።»

በባዶው ገጽ መሐል አንዲት ፊደል ጻፍኩ።
አያት። ከሥሯ ማኅተሙን መታ፤ ዘይቱ ወረቀቱን በላው።
ሹፌሩ የሚመለሰው ሰኞ ነው።
ዛሬ ሐሙስ ነው።