የሽፋኑ ፋኖስ

ዊኒፔግ፣ ሳርጀንት ጎዳና፣ ወሩ ጥር ነበር፣
ትንፋሽ ከሻርፕ ላይ በረዶ ሲጋገር፤
ወይዘሮ ወለተ ኪዳን መጡ ማተሚያ ቤት፣
ረቂቁን በፌስታል ጠቅልለው፣ ሸጉጠው በብብት።

ሃያ ሁለት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጥበዋል፤
ማታ ማታ ደግሞ ልብ ወለድ ጽፈዋል።
«መንፈሳዊ ነው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው፣
ብሩን ቆጠሩልኝ፣ ጓንቱን በጥርስ አውልቀው።

ርዕሱ፦ «ዘይቱ ያላለቀ ፋኖስ»።
«ሽፋኑ ላይ ፋኖስ ይሁን፣ ብርሃኑ ቢጫ፣
ከሩቅ የሚጠራ፣ እንደ ፀሐይ መውጫ።»

መደርደሪያችን ሙሉ ነው፤ ርግብ፣ ደመና፣ መሰላል፤
ርዕሱን የሰማ ሁሉ ገነት የገባ ይመስላል፤
ውስጡ ግን ሰው ነው፤ ይከስሳል፣ ያማል፣ ይምላል።

ሥራዬ ገጽ ማቃናት፣ ፊደል መልቀም ብቻ፤
ማንበቡ ግን አመል ነው፣ የለውም መፍቻ።
አነበብኩ።
በአርባኛው ገጽ ላይ የማሞቂያው ዘይት አለቀ፤
ባልየው ለሦስተኛ ጊዜ ከሥራ ለቀቀ፤
አራት ልጆች በአንድ አልጋ፣ ካፖርት እንደለበሱ፣
ቄሰ ገበዙ ደግሞ ሙዳየ ምጽዋት ዳሰሱ።

ተአምር ጠበቅሁ። የለም።
ፋኖስ ጠበቅሁ፤ ከዳር እዳር ገለበጥኩ፤ የለም።
ኩራዝ የለ፣ ጧፍ የለ፣ ሻማ እንኳ አይበራም፤
ጸሎት አለ፤ መልሱ ግን በየትም አይሰማም።

አንድ ብርሃን ብቻ፣ ገጽ ሁለት መቶ ሰባት፦
ስምረት የምትባለው ሴት፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣
ልጆቹ እንዳይነቁ አምፖሉን ሳታበራ፣
ዳዊት ትደግማለች ከወተቱ ጋራ፣
የማቀዝቀዣውን በር ገርበብ አርጋ ከፍታ፣
በነጭ፣ ሰማያዊ ቢጤ ጭላንጭል ተመርታ።
ሞተሩ ያጓራል። እሷ «አቤቱ» ትላለች።
ሞተሩ ያጓራል።
ምዕራፉ እዚያው ላይ ያበቃል።

ደወልኩላቸው። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣
ርዕሱና ታሪኩ አልገጥም አሉኝ።
ዘይቱ እኮ አለቀ፣ ገና በአርባኛው ገጽ፤
አንባቢ ‹ተታለልኩ› ቢለን ምን እንበል በግልጽ?
በወንጌሉ አምስቱ ልባሞች ዘይት ይዘው ገቡ፤
ስምረት ከሰነፎቹ ናት፣ ቢያንኳኩ ካልገቡ።
‹የብርድ ወራት› ቢባልስ? ‹ስምረት›ስ ቢባል?
በር ላይ ማር ተጽፎ ቤት ውስጥ ኮሶ ይቀርባል?»

ዝም አሉ። ከስልኩ ወዲያ የልብስ ማድረቂያ ይሽከረከራል።
«ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲሉ አልሰማሽም ልጄ?»
«እሱ ለሰው ነው» አልኩ፤ «መጽሐፍ የሚወለደው በእጄ።»
«አንቺንስ ማን አሉሽ?»
«ዕረፍት።»
«ስንት ሰዓት ነው አሁን?»
«አምስት ከሩብ። ከሌሊቱ።»
ሣቁ። እኔም ሣቅሁ፣ የሁለተኛ ፈረቃዬን ወንበር ተደግፌ፣
የጠዋቱን ዳቦ ቤት ዱቄት ከቅንድቤ አራግፌ።
«እናትሽ ዋሽታ ነው?»
«አይ… ምኞቷ ነው።»
«እንግዲያው» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ግን አልተረታሁም። ሰው ስሙን ቢከዳ
ነገ አለው፤ ቀስ ብሎ ይከፍላል ዕዳ።
የታተመ መጽሐፍ ግን ነገ የለው፤
ስምረት ዘላለሟን ከዚያው ወለል፣ ሰዓቱም ያው ስምንት ነው።
ሰምና ወርቅ ብዬ ላልፈው አሰብኩ፤ ሰሙን ፈለግሁት፤
ማሞቂያ በሌለው ቤት ሰም አይቀልጥም፤ ተውኩት።

መቶ ሃምሳ ሽፋን ስናትም፣ ሐሙስ፣
መቶ ዐሥራ ስምንቱ ወጣ ከነቢጫ ፋኖስ።
ከዚያ መኪናው ጮኸ፤ ቢጫው ቀለም አለቀ፤
ቀለም ጫኙ መኪና ከኬኖራ አልዘለቀ።
በሠላሳ ሁለቱ ላይ ፋኖሱ ገረጣ፣
ነጭ፣ ሰማያዊ ቢጤ፣ ሙቀት የሌለው ሆኖ ወጣ።

ልጥላቸው ነበር። ቅዳሜ ሲመጡ
አዩዋቸው፤ መነጽር አወለቁ፤ ብዙ ተቀመጡ።
«ይህ የማቀዝቀዣው ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።
ሒሳቡን ከፈሉ፣ ስለ ቅናሽ አልተከራከሩም።

አንዱን ለራሴ አስቀረሁ።
ርዕሱ ይገጥማል ወይ ብሎ ሰው ቢጠይቀኝ፣
ለሠላሳ ሁለቱ፣ አዎ።
ለመቶ ዐሥራ ስምንቱ ገና አልመሰለኝ።