ገጽ ሠላሳ አንድ

ኦውሉ፣ የጥር ሌሊት፣ ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት፣
ባሕሩ ድንጋይ ሆኖ መኪና እየሄደበት፣
አውሊኪ ተጠርታ ከሞቀ አልጋዋ
ማሞቂያ ጣቢያው ገባች ሳይለቃት እንቅልፏ።

ሁለት ማሽኖች አሉ ጎን ለጎን የቆሙ፣
በአንድ ሽቦ ታስረው የማይስማሙ።
አንዱ ቡሳን ተሠርቶ፣ ሌላው ከግራትስ መጥቶ፣
ይኼኛው ሲናገር ያኛው ጆሮ ነስቶ፣
በየሠላሳ ሰከንዱ «ሰላም» ይላል አንዱ፤
«የማላውቀው ቃል ነው» ይላል ዘመዱ።
ፓምፑ መሃል ቆሞ ትእዛዝ ይጠብቃል፤
የአራት መቶ ቤት ቧንቧ ይቀዘቅዛል።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ሽቦ ነቀለች፣ ሰካች፣
አጠፋች፣ አበራች፣ በፊንላንድኛ ተሳደበች፤
በመጨረሻ፣ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰውን
ግን ማንም እስከ ዳር የማያነበውን፣
የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወጣውን፣
ማሽን ከማሽን እንዴት እንዲነጋገር የደነገገውን
ያን ሰነድ ከፈተች።

በዚያ ዓይነት ሰነድ ቃል በሚዛን ነው የሚያወጡት፤
«አለበት» ካለ ሕግ ነው፣ የማይሸሹት፤
«ቢያደርግ ይሻላል» ምክር ነው፣ ባይሰሙት መዘዙን የሚያዩት፤
«ይችላል» ካለ ግን በሩን ክፍት ተዉት።

(በእኛ ቋንቋ ቢሆን፣ ሳስበው ያስፈራኛል፤
«ይላክ» እና «አይላክ»፣ አንድ ፊደል ይበቃል።
ጸሐፊው ቢያስነጥስ፣ «አ» ብትወድቅበት፣
ዓለም ሁሉ ይልካል አትላኩ ባለበት።)

ገጽ ሠላሳ አንድ፦
ዓረፍተ ነገሩ «ርዝመቱ ሰባት ይሁን» ይላል፤
ከሥሩ ያለው ሥዕል ስምንት ሳጥን ይዟል።
ስምንት። በእስክሪብቶ ጫፍ ከግራ ቆጠረች፤
መነጽሯን ጠርጋ ከቀኝ ደገመች።
ያው ስምንት።

የቡሳን መሐንዲስ ቃሉን አምኖ ሠራ፤
የግራትሱ ደግሞ በሥዕሉ ተመራ።
ሁለቱም ታዘዙ፣ ሁለቱም አልሳቱ፣
ለሁለት ተከፍሎ አደረ እውነቱ።

አንዱን ማሽን አታለለች፣ ባዶ ሳጥን ሰጠችው፤
ፓምፑ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሙቁን ውሃ ገፋው።
ፀሐይ እዚያ በጥር እስከ ረፋድ አትወጣም፤
ጊዜ ነበራት፣ ጻፈች፣ ቃልም አላበዛችም፦
«በዓረፍተ ነገሩ ሰባት የተባለው
ስምንት መሆን አለበት፤ ሥዕሉ ነው ልከኛው።»

መልስ በሳምንቱ መጣ፣ ከዌልስ፣ ከባሕር ዳርቻ፣
ከኢድዋል ፕሮሰር፣ ጡረታ ወጥቶ ዓሣ ከሚያጠምድ ለብቻ፦
«አውቃለሁ። ሰነዱ በወጣ ማግስት፣ በባቡር፣
ሳነበው አየሁት፤ ወጋኝ እንደ እሾህ በእግር።
ልናገር ስል አፈርሁ፤ ኋላም ልናገር ስል ዘገየሁ፤
ግማሹ ዓለም በሰባት ሠርቶ ጨረሰ፤ ዝም አልሁ።
ገጹን እስከ ታች የሚያነብ አንድ ሰው ስጠብቅ
አሥራ ዘጠኝ ክረምት አለፈኝ ሳልጠየቅ።
ስምንት ነው።»

የዚያ መንደር ደንብ ግን ፍቆ መጻፍ አይፈቅድም፤
የታተመ ታትሟል፣ ቁጥር አለው፣ አይነካም።
የእኛ ቁም ጸሐፊ ምላጩን ያነሣል፤
ብራናውን ይፍቃል፣ ከላዩ ይጽፋል፣
ቆዳው ግን ያስታውሳል።
«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ»
ያለው የእኛ ሰው ነው፤ እነሱ ግን ኖሩት በይፋ፦
ስሕተቱ ዙፋኑ ላይ፣ ሳይናወጥ፣ ሳይወርድ፤
እርማቱ በሌላ መዝገብ፣ ደጅ ጠናቂ፣ በረንዳ ላይ፣ በብርድ።

ዛሬ መዝገቡ ውስጥ ስሟ አለ፣ ቀኑ አለ፤
«ተረጋግጧል» የሚል አንድ ቃል ከጎኑ አለ።
የቀድሞው ቃል፤ የታረመው ቃል፤
ገጽ፦ አሥራ ሦስት።

አዎ። አሥራ ሦስት።
እንቅልፍ ነበረባት፣ ጣቷ ቁጥሩን ገለበጠው፤
የሚያረጋግጠው ሰው ሳያይ አጸደቀው፤
ኢድዋልም በደከመ ዓይኑ አለፈው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሬሲፌ፣ ዝናብ ጣራ ሲደበድብ፣
ጁራሲ የሚባል ተማሪ መዝገቡን ከሰነዱ ጋር ሲያነብ፣
ገጽ አሥራ ሦስትን ላይ ታች ፈተሸ፤ ርዝመት የሚል የለም፤
«ምናልባት ተሳስቼ ይሆን?» ብሎ ጻፈላት፣ በሰላም።

አውሊኪ ደብዳቤውን አነበበች፣ ዝም አለች፤
(ቁጥሩን በማግስቱ፣ አውቶቡስ ላይ፣ አይታ አፍራ ነው ያለፈች።)
ከዚያ እጇን ሰብስባ፣ ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል፣
«አውቃለሁ» ብላ ጀመረች፣ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ሲል።