ቁጥር አርባ ሁለት

ከሐዴራ ቤተ መጻሕፍት በታች፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣
ጓንት አጥልቄ እውላለሁ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ስታገል።
የዛገ ስፒል ነቅዬ፣ የታጠፈ ጥግ አቅንቼ፣
ገጹን መስታወቱ ላይ እንደ በሽተኛ አስተኝቼ፣
ክዳኑን አወርዳለሁ። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፤
ሠላሳ ስምንት ዓመት በአሥራ አንድ ሰከንድ ያልፋል።

ጋዜጣው «ደጃፍ» ይባላል።
በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ከአዲስ ገቢዎች ሆስቴል ጓዳ፣
በእጅ በሚዞር ማባዣ፣ አራት ገጽ፤
ሁለቱ ዕብራይስጥ፣ ሁለቱ የኛው ፊደል፣
የካዕቡ ጭረት በተሰበረችበት ታይፕ፣
«ሱቁ ተከፈተ» ሲሉት «ሰቀ ተከፈተ» በሚል።
ሰው ግን ገባው። እየሣቀ ሄዶ ዘይት ገዛ።

ኮምፒውተሩ ዕብራይስጡን ቃል በቃል ይለቅማል፤
የኛ ፊደል ጋ ሲደርስ «ሥዕል» ብሎ ያልፋል።
ስለዚህ ከገጹ ግርጌ፣ ጠባብ ሣጥን ውስጥ፣
ስሞቹን አንድ በአንድ በእጄ እጽፋለሁ፣
የሚፈልግ እንዳያጣ።

ከቁጥር ሦስት ጀምሮ፣ አራተኛው ገጽ፣ ግራ ጥግ፦

    ዘርፌ መሐሪን ያየ። ዕድሜ አሥራ አንድ። ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ።
    ኡም ራኩባ፣ የውኃ ሰልፍ ላይ፣ ከእጄ የተለየች።
    ወንድሟ ክንዴ፣ ሐዴራ፣ ሆስቴሉ፣ ክፍል 19።

አራት ላይ አለች። አምስት ላይ አለች።
በፋሲካው እትም ከቂጣ ዕደላው ሰዓት ሥር አለች።
ጣሪያው ባፈሰሰ ሳምንት፣ የአውቶቡሱ መስመር በተቀየረ ሳምንት፣
እሷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።
አሥራ ሰባት ላይ አድራሻው ተለወጠ፤ ወንድም ቤት አገኘ መሰለኝ።
ጠባሳው ያው።
አርባ አንድ ላይ አለች።
አርባ ሁለት ላይ፣ በቦታዋ ፍሪጅ ቆሟል፦
«ባለ ሁለት በር። በስድስት ጊዜ ክፍያ። ቤትዎ ድረስ እናደርሳለን።»

ተገኝታለች አልኩ።
ያን ቀን ምሳዬ ጣፈጠኝ።

ማክሰኞ አቶ እያያው ቢተው መጡ፤ የያኔው ታይፒስት፤
የጎደሉንን ቁጥሮች በሩዝ ከረጢት ይዘው።
«ዘርፌስ?» አልኳቸው፣ እንደ ዘመድ።
ወንበር ሳልስብላቸው ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ ያወጣኋት። የወረቀት ዕዳ ነበረብን፣
ባለሱቁ አርባ ሸቃል ከፈለ።
በሚቀጥለው እመልሳታለሁ ብዬ ነው።
ክንዴ መጣ። ገለጠ። አየ።
ምንም አላለኝም፤ አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።
ሁለተኛ አልመጣም።
እኔም... እንግዲህ እኔም አልመለስኳት።»

ቀና ብለው መሣሪያውን አዩት።
«ልጄ፣ አሁን ብታስገቢያትስ? በዚህ ሁሉ ነገር ይቻላል አሉ።»
«አይቻልም አባቴ፤ የታተመውን ብቻ ነው።»
ደንቡ ግድግዳው ላይ ነው፣ በማኅተም።
ከረጢታቸውን በአራት አጠፉ።
ደረጃው አሥራ ሰባት ነው፤ ሁለቴ ሲያርፉ ሰማሁ።

ዘበኛው ቁልፍ ሲያንሿሿ አርባ ሁለትን ከፈትኩ።
ጠባቧ ሣጥን ውስጥ፦ ፍሪጅ። ሱቅ። ክፍያ። ሐዴራ።
ቀጥዬ፦ ዘርፌ መሐሪ።
በዕብራይስጥም ጻፍኳት፣ በሦስት ዓይነት፣
የድንበር ጸሐፊ ስም ሊያበላሽ በሚችለው ልክ።
ደንቡ ስለ ሣጥኗ የሚለው የለም።

አሁን ገጹ ለሁሉ ክፍት ነው፤ ሒሳብ የለው፣ ዘበኛ የለው።
የሆነ አገር፣ የሆነ ሌሊት፣ አንዲት የሃምሳ ዓመት ሴት
ቅንድቧን እያሻሸች የራሷን ስም ብትጽፍ፣
የሚወጣላት ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ነው።
«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ትበል።
ተቆጥታ ትደውል።
እስከ አሥር ሰዓት ታች ነኝ።