ገጽ መቶ አሥራ ሁለት

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ በአራት ቁጥር ትራም
ብርኖ ዳር እወርዳለሁ። አሳንሰሩ አይሠራም።
አምስት ፎቅ በእግሬ ወጥቼ ሳበቃ
ቭላስታ ቆማለች መነጽሯን አጥልቃ።
እሷ ትናገራለች፣ እኔ እተይባለሁ፤
ለሕይወት ታሪኳ በገጽ እከፈላለሁ።

«ጻፊ» አለች አንድ ቀን፣ «የስቱዲዮው ሰማይ
ሮዝ ነበር፤ የቀባሁት መሰላል ጫፍ ላይ።
ሰማያዊን ካሜራው አመድ ያደርገዋል፣
ሮዙን ግን ተቀብሎ ንጋት ያስመስለዋል።
ደሙ ቸኮሌት ነው። የንጉሡ ካባ
ጎመን የመሰለ፤ ሆኖም በግርማ ገባ
በየሰዉ ሳሎን።
ማንም አልጠየቀም፤
ግራጫ ለለመደ ቀለም አይጨንቀውም።

«ቴአትር ቤት ሌላ ነው፤ እዚያ ውሸት የለም።
ኧረ አለ! አለ እንጂ፣ ግን በእውነት ቀለም።
መጥረጊያ በሚያህል ብሩሽ ጫካ ስዬ
ከርካሹ ወንበር ላይ አየዋለሁ ዝዬ፤
ሲቀርቡት እድፍ ነው፣ ሲርቁት ዝግባ።
ፍቅርም እንደዚያ ነው።
ይህቺ ግን እንዳትገባ።»
አስገባኋት።

ዝቢኔክን ያኔ ነው በስሙ የጠራችው።
አሥራ ሰባት ዓመት በሞኒተር አየችው፤
ንጉሥ ሆኖ፣ ሎሌ ሆኖ፣ ዕውር ሆኖ፣ ዳኛ፣
ከመስታወቱ ወዲያ፣ የግራጫ አገር መልእክተኛ።
ምሳ አብረው በልተዋል፣ ድንች ከቢራ ጋር።
አንድ ክረምትም ደግሞ…
እዚህ ላይ ዝም አለች። ጣቴን አነሣሁ።

ከመስኮቱ ሥር አንድ ሸራ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ
አዙሮ ይኖር ነበር፣ እንዳኮረፈ እንግዳ።
ገለበጠችው።
የአፍንጫው መጣመም፣ የአገጩ ጠባሳ፣
ጢሙ ላይ የቀረች የቢራ አረፋ፤ አልተረሳ
አንድም ነገር። ዓይኖቹ ግን ነጭ፣
ብሩሽ ያልነካው የሸራ ነጭ።

«አርባ ዓመት ቀባሁት፣ አርባ ዓመት ፋቅሁት።
ምን ነበር ቀለሙ? እኔ ግራጫውን ነው የማውቀው።»
ጎረቤቷን ጠየቅን። «ሰማያዊ!» ብላ ማለች።
«እሷም በቴሌቪዥን ነው ያየችው» ብላ ቭላስታ ሳቀች።

ገጽ መቶ አሥራ ሁለት፣ «ዓይኖቹ» ካልኩ በኋላ
ክፍት ቦታ ተውኩኝ። ሌላ በምን ልሙላ?
ማተሚያ ቤቱ ደወለ፤ «ቃል ጎድሏል» አለኝ።
«አልጎደለም» አልኩት።
«እንግዲያው ንገሪኝ፣
ባዶው ስንት ፊደል ይሁን?»

ወደ እሷ ደወልኩ።
ስልኩን አንሥታ ዝም። ከጀርባዋ ቧንቧ ሲፈስ፣
ብሩሽ ሲታጠብ ሰማሁ።
«ቆዪኝማ» አለች።