አራት መዳፍ

ፊንላንድ ሰሜን ጫፍ፣ ኢናሪ ሐይቁ ላይ፣
የካቲት ነው፤ ውሃው ድንጋይ፣ አጎንብሶ ሰማይ።
ሂልካ አጠገቤ፣ ቀበቶዋን አስራ፣
"ስልሳ ግባ፣ ቬሳ። ስጮህ ግን አደራ፣
በሙሉ እግርህ ርገጥ፤ ፍሬኑን አትፍራ።"

"ቁም!"
ረገጥኩ። ጎማው ቆመ። መኪናው ግን ሄደ፤
በረዶውን ልሶ፣ ዝም ብሎ ነጎደ።
ጥዱም ዞረ፣ ሐይቁም፣ ነጭ የሆነው ዓለም፤
መሪው እጄ ላይ ነው፤ የሚመራ የለም።

ወረደች ሳትቸኩል፤ ሜትሯን ዘረጋች፣
ብርድ ያቆረፈደው ጣቷን እፍ እያለች።
"ከጆሮህ እስከ እግርህ፣ አሥራ ስድስት ሜትር፤
ይህ ያንተ ነው" አለች፣ ጽፋ ከደብተር።
"ቀሪው መቶ አርባ ግን የጎማው ነው ነገር።
ፍሬን መኪና አያቆም፤ ፍሬን የሚይዘው
ጎማን ነው፣ ልጄ። መኪናን የሚይዘው
ጎማና መንገዱ ሲጨባበጡ ነው።
መዳፍህን ዘርጋ። እያት፣ ይህችው ናት፤
አንድ ቶን ተኩል ብረት፣ ሌሊትና ንጋት
የሚንጠለጠለው በአራት መዳፍ ስፋት።
ፍጥነት እጥፍ ሲሆን፣ ዕዳው አራት እጥፍ፤
ወለዱን ሳይቀበል መንገድ ሰው አያሳልፍ።"

ከዚያ ከኪሷ ውስጥ ቀይ ሲባጎ አወጣች፤
ከመኪናው አፍንጫ ፊት ለፊት አስተኛች።
"ሁለት ሜትር ካርባ።" ሌላ አልተናገረች።

"የምን ልክ ነው?" አልኳት።

"የጎደለን መንገድ።
አርቪ፣ ባሌ፣ አዲስ ፍሬን ገዛ፣ ጎማውን አቆየ፤
'እስከ ደመወዝ' ብሎ፣ መላጣውን እያየ።
የጥቅምት ውርጭ ነበር፤ ግንድ ጫኝ መኪና
መስቀለኛው ላይ ቆሟል፣ መብራቱ ጠፋና።
'ፍሬኑ ሠርቷል' አሉ፣ መርማሪዎች መጥተው፤
ሠርቷል። ማን ካደ? አርቪን ያልያዘው
ፍሬኑ አልነበረም።"

ክሩን በጣቷ ላይ ጠቀለለችና፣
"አሁን ደግሞ በሠላሳ" አለች፣ "እንደገና።"
በሠላሳ ረገጥኩ፤ ጥዱ ቦታው ቀረ፤
ከሥራችን ብቻ፣ በረዶው ነዘረ።

ዛሬ ኦውሉ ከተማ ጋራዥ እሠራለሁ።
ደንበኛ "ፍሬን" ሲል፣ እኔ እንበረከካለሁ፤
አውራ ጣቴን ጎማው ቦይ ውስጥ እከታለሁ፤
ጥፍሬ ካልተደበቀ፣ ተነሥቼ እላለሁ፦
"ጎማ።"
"ስንት ነው?" ይለኛል፣ ከብርዱ ሳይገባ።
"ሁለት ሜትር ካርባ።"