የእንቁራሪቷ ሆድ

ካርቶኑ ሲከፈት ሽምብጥ፣ ንባብ ቤቱ፣
ከላይ የነበሩት አለቁ በጠዋቱ፤
አንድ ቀረ ከሥር፣ ማንም ያልፈለገው፣
ሽፋኑ እንቁራሪት፣ ጥጉን ውሃ የነካው።

አንዱ መስመር ቀይ ነው፣ አንዱ መስመር ጥቁር፤
ጥቁሩን አወቅሁት፣ እንግሊዝኛ ነበር።
ቀዩን ግን እንጃልኝ፤
ፊደሉ ያው ፊደል፣ አናቱ ላይ ጭረት፣
የጣና ትንኝ መጥታ ያረፈችበት።

ቅዳሜ ለልጆች፣ ቀዩን እየዘለልሁ፣
ጥቁሩን ባማርኛ እየመነዘርሁ፣
ጥሩ ስሄድ ሳለሁ፣
አቤነዘር ጣቱን ቀዩ ላይ ተከለ።
«ይሄኛውስ?» አለ።
«ያው ነው፣ ያንኑ ነው።»
«ያው ከሆነ ታዲያ ሁለቴ ለምን ጻፉ?»
የስድስት ዓመት ልጅ፣ ጥርስ የጎደለው አፉ።

አፍሬ ጀመርሁት፣ ወፌ ቆመች ብዬ፣
ከፊደል ወደ ፊደል ጣቴን ተከትዬ፤
«ላ... ራ... ና... ሚ...»

«ላ ራና ሚራ ላ ሉና»
የሚል ድምፅ መጣ ከመታጠቢያው ሥር፣
ቀና ሳይል እንኳ፣ ብሎን እንደሚያስር።
ጋሽ ይርዳው ነበር፤
ወደብ ላይ የጀልባ ሞተር የሚጠግን፣
ያን ቀን ለውለታ የመጣ ለቧንቧችን።

እጁ ግራሶ ነው። ጉልበቱን ይዞ ተነሣ።
«እንቁራሪቷ ጨረቃን ታያለች፤ እንዲያ ነው የሚለው»
አለ፣ የጠፋ ዕቃ አሮጌ ኮቱ ኪስ ውስጥ እንዳገኘ ሰው።

ልጅ ሆኖ ኩባ ነበር፤ በመርከብ የሄደ፣
ጠዋት ደብተር ይዞ፣ ከሰዓት ብርቱካን ሲለቅም ያደገ።
«ከተመለስሁ ወዲህ ከማን ጋር ላውራበት?
ሞተር እምቢ ሲለኝ እሳደብበታለሁ፤
ያ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ልጆቹ ግን ይህን ማን ሰምቷቸው?
«ራና! ራና! ጣና!
ራና ዘላ ዘላ ገባች ከጣና!»
ቃሉ ለነሱማ ባዕድ አይደለምና።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እንዲህ ሆነ ደንቡ፦
ቀዩ የጋሽ ይርዳው፣ ጥቁሩ የኔ፣
አማርኛው የነሱ፣ በጩኸት፣ በአንድ አፍ።
ቀዩን ሲያነብማ ያ ሻካራ ድምፁ ይቀጥናል፤
አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ
ከጉሮሮው ይወጣል።
እኔ ወደ መስኮቱ አያለሁ፣ እንዳላፈጥበት።

ኋላም እርሳስ አነሣሁ፣ ከግርጌ ባማርኛ ጻፍሁ፣
«መጽሐፍ ላይ መጻፍ ክልክል ነው» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር ተቀምጬ።
የማስታወቂያውም የእጅ ጽሑፍ የኔው ነው።

ትርንጎ ዘንድሮ ነው ከእንጅባራ የመጣችው።
አትናገር፣ አትስቅ፤ ታያለች፣ በቃ።
አንድ ቀን ሦስቱን መስመር በጣቷ ቆጠረችና
«የእናቴ የለም» አለች።

በሳምንቱ መጣች፣ በአገውኛ፣ ቃሉን ይዛ፣
ውሃ በእፍኙ እንደያዘ ሰው ቀስ ብላ ተራምዳ፣
ባጃጅ ጡሩንባ ነፍቶ እንዳያስደፋት።
አለችው።
ደገምሁት፤ ሳቀች፣ ያን ዕለት ገና ሳቋን አየሁ።
አንድ ድምፅ አለ ውስጡ፣ የኔ ጉሮሮ የማያውቀው፤
ጋሽ ይርዳውም ሞከረ፣ እሱም ወደቀ።

ግን የት ይጻፍ? ላዩ ቀይ፣ መሀሉ ጥቁር፣ ግርጌው እርሳስ፤
ሰማዩን ጨረቃ ይዛዋለች፣ ውሃውን ደንገል።
ትርንጎ አሰበች፣ ከንፈሯን ነክሳ።
«ሆዷ ባዶ ነው» አለች።

እውነትም ነጭ ነው፣ ሰፊ ነው፣
ሰዓሊው ሆን ብሎ የተወው ይመስላል።
እርሳሱን ሰጠኋት።
ፊደል ገና እየለየች ነው፤ አንዱን ገልብጣ ጻፈችው፣
አላረምሁትም።

ቧንቧው እስካሁን ይንጠባጠባል።
ጋሽ ይርዳው በየሳምንቱ «ዛሬ እጨርሰዋለሁ» ይላል፣
መፍቻውን ያወጣል፣
መጽሐፉ አጠገብ ያስቀምጠዋል፣
ከዚያ ቀዩን ይጀምራል።