ዓሣ ቁጥር ዐሥራ ሰባት

ውርጩ መስኮቱን ለስኖ፣
ጣቴም ከመቀሱ ጋራ አንድ ብረት ሆኖ፣
ዘውገ ከጀማ በረሃ ያወጣው፣ በቃጫ ገመድ አንጠልጥሎ፣
ከጠረጴዛዬ ተጋድሟል፣ ያልጨረሰው ቃል ያለው መስሎ።

ስምንት መቶ ግራም። ርዝመቱ ክንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው።
ቅርፊቱ የነሐስ ሳንቲም፤ ዓይኑ ገና ሞትን ያልለመደው።
"ወንድ ነው" አለኝ ዘውገ፣ የጫማውን ጭቃ ከደጃፉ እያራገፈ፣
"ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ዓይን ስንቱ አለፈ!"

"ወንድ" ብዬ ጻፍኩ።

በሰባተኛው ቀን፣
ስስ አድርጌ ቆርጬ፣ ቀለም አጠጥቼ፣ በማጉያው ሳየው፣
ከወንድ ዘሩ መካከል ማንም ያልጠራው እንግዳ አለ፤
ክብ፣ ሐምራዊ፣ ያልበሰለ
እንቁላል።
አንድ። ሦስት። ዘጠኝ።
ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት።

"ወንድ" ያልኩትን ሰረዝኩ፤ "ሴት" ልል፣ ብዕሬ እምቢ አለ።
ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን እንጂ ሦስተኛ የለ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ይባላል።
ዘንዶስ በሆነ! ዘንዶ ራስ አለው፣ በዱላ ይመታል።
እኔ ጎርጉሬ ያወጣሁት ጥርስ የለው፣ ሽታ የለው፤
ውሃውን እንኳ አላደፈረሰው።

ሰውነት የቀበሌ ጸሐፊ ነው፤ ማኅተም ካየ አይጠይቅም።
ከላይ፣ ከከተማው ቱቦ፣ ደብዳቤ ይወርዳል፤
ፊርማው ይመስላል፣ ማኅተሙ ይመስላል፣
"እናት ሁን" ይላል።
የወንዱ ጉበትም ተቀብሎ ይፈጽማል፤
ለማይጥለው እንቁላል አስኳል ሲያበስል ይውላል፣
ኩላሊቱ በማያውቀው ጭነት እስኪጎብጥ ድረስ።

ማን ጻፈው?
የቀለም ዕጣቢው፣ የሳሙናው አረፋ፣
ከስንዴው ማሳ በክረምት የታጠበው የአረም መድኃኒት፣
ፀሐይ ያነፈረችው የፕላስቲክ ጀሪካን፣
እያንዳንዱ አንዳንድ ፊደል አዋጥቷል።
እኔም።
ሦስተኛ ልጅ እንዳይመጣብኝ ማታ ማታ የምውጣት ክኒን፣
ምስር የማታህል፣
ከእኔ ወጥታ ወዴት እንደምትሄድ ጠይቄ አላውቅም።
ቁልቁል ነው የምትሄደው፤
በዚህ አገር ውሃ ሌላ መንገድ አያውቅም።

"ድሮ" ይላል ዘውገ፣ "ሐምሌ ሲጋመስ፣ ጎርፉ ሲጠራ፣
ወንዶቹ አፍንጫቸው ላይ ነጭ ብጉር አብቅለው፣ አንዱ ካንዱ ጋራ
ጠጠሩ ላይ ሲጋፉ፣ ውሃው እንደ ድስት ይፈላ ነበር።
አሁን ይመጣሉ፤ መምጣቱንስ ይመጣሉ። መጥተው ይቆማሉ፣
ሰርግ ቤት ገብቶ የማን ሰርግ እንደሆነ እንደጠፋው ሰው።"

ወንድና ወንዝ በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩ፤
ስቸኩል ይምታቱብኛል።
በመዝገቡ ላይ፣ ከቁጥር ዐሥራ ሰባት ትይዩ፣
"ወንዝ" ብዬ ጽፌ አገኘሁት።
አላረምኩትም።

ቅዳሜ ዘውገ ተመለሰ። በጆንያው ዐሥር ዓሣ፣
ሁዳዴ ገብቷል፣ ገዢዋ እታች መንገድ ዳር ትጠብቀዋለች።
"ወንድ ነበር፣ አይደል?"
"ነበር" አልኩት።
ዝም አለ። ጆንያውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።
"ፈትለ፣
ይበላል ወይ?"

ሠላሳ አራት ገጽ ቁጥር አለኝ።
የክብደት፣ የርዝመት፣ የውሃ ሙቀት፤
አንዱም እሱ የጠየቀኝን አይመልስም።
"እንጃ" አልኩት፤ "ገና ነው" አልኩት፤
እሱም የልጆቹን ቁጥር በጣቱ እንደሚቆጥር ሰው
ጥቂት ቆሞ፣ ሄደ።

የወንዜ ልጅ፣ እጄን ታጠብኩልህ፤
ሁለቴ፣ ሽቶ ባለው ሳሙና።
አረፋው ዞሮ ዞሮ ወረደ።
በጆሮዬ ተከተልኩት፤ በግድግዳው ውስጥ፣
በአጥሩ ሥር፣ ከመንገዱ ማዶ፣
እስከ በሬሳ።